«ይፈውሳል» ያለው ማን ነው?

መምህር ምንተስኖትን ሞቶ ያገኙት በመንዝ ሞላሌ፣ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ነው፤ ሰኞ፣ በገበያ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ተማሪው ለዕረፍት በወጣበት ሰዓት። ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ በጎኑ ተጋድሟል። አስመልሶታል፤ ሸሚዙ በላብ ርሶ ገላው ላይ ተጣብቋል። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒዩተሩ እንደተከፈተ ነው፤ «ማንም ሰው እንዳይ» የሚል ያላለቀ ጽሑፍ ይታያል። አጠገቡ አንዲት አነስተኛ ፔርሙዝ ቆማለች። ምስኪን፣ ገና ሽበት ያልጎበኘው ሰው ነበር።

ከተማው ገዳዩን ለማግኘት እስከ ቀብሩ እንኳ አልቆየም። «ፈንታ ነው» ተባለ። አቶ ፈንታ በቀየት በኩል የሚኖሩ፣ ሥር ምሰው ቅጠል ቀጥቅጠው ሰው የሚያክሙ አዛውንት ናቸው። በዚያን ዕለት ማለዳ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥተው፣ ከመምህሩ ጋር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲከራከሩ ዘበኛው ሰምቷል። መምህሩ በኢንተርኔት ላይ የእሳቸውን መድኃኒት «ማስረጃ የለውም» ብሎ መጻፉን ደግሞ አገር ያውቃል። ዋና ሳጅን ጫኔ፣ የሞላሌው ፖሊስ፣ ሽማግሌውን ከገበያ መሀል ይዞ አስገባቸው። ምን ፈልገው እንደመጡ ቢጠየቁ አፋቸውን ያዙ። ዝም ካሉማ አለቀ፣ ጥፋተኛ ናቸው ተባለ። ወይ ሰው! ልጁ ሲያመው ቀየት ድረስ ሄዶ ደጃቸውን የሚጠና እኮ ይኸው ከተማ ነበር። አሁን ልጃቸው ጥሩሸዋ ስንቅ ይዛ ስታልፍ ሰላም የሚላት ጠፋ፤ ቤታቸው ላይ ድንጋይ ተወረወረ።

ኢንስፔክተር አመተሥላሴ ከደብረ ብርሃን የመጣችው ወንጀለኛ ልትፈልግ አልነበረም። ሽማግሌው ወደ ዞን ተዛውረው ክስ ከመመሥረቱ በፊት ነገሩን አይታ እንድትፈርም ነው የተላከችው። የጊሼ ልጅ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ጎልማሳ፣ በነገር የማትቸኩል ሴት። ጫኔ ገና ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ጉዳዩን ዘርዝሮ ጨርሶ ብዕር አቀበላት። እሷ ግን መጀመሪያ ክፍሉንና የሟቹን ዕቃ አሳየኝ አለችው።

ከሟቹ ኪስ ከወጡት መካከል ኢንሄለር አለች፤ አስሙ ሲነሳበት አፉ ውስጥ የሚነፋት። ኢንስፔክተሯ አንስታ ነቀነቀቻት። መድኃኒት አላት።

«አስሙ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ወደዚህች ነበር» አለች። «አልነካትም። የገደለው ሌላ ነገር ነው።»

«እኔም የምልዎት ይህንኑ ነው» አለ ጫኔ ደስ ብሎት። «መርዝ ነው። ጽሑፉንም ይዩት፤ ሊነግረን ጀምሮ ነው የሞተው።»

ፔርሙዟን ከፍታ አሸተተች። አብሽ በማር ነው። ከሥሯ ግን ነጭ ነገር እንደ ማስቲካ ተጣብቆ ደርቋል። በእንጨት ጫፍ ጫር አድርጋ መስኮቱ አጠገብ አየችው። ምን እንደሆነ ያወቀች መሰላት፤ ለጫኔ ግን አልነገረችውም። ናሙናውን አሽጋ ወደ አዲስ አበባ ላከች፤ ፔርሙዟ ውስጥ ነገር መገኘቱንም ማንም እንዳይሰማ አዘዘች።

ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘው አብርሃም ነው፤ የኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊና የሟቹ የልብ ጓደኛ። ሁለቱ ሆነው ነው «የደጋ ማኅደር»ን ያቋቋሙት። ማኅደሩ በኢንተርኔት ላይ ያለ የጋራ መዝገበ ዕውቀት ነው፤ ስልክ ያለው ሁሉ ስለ መንዝ፣ ስለ ጊሼና ስለ መርሐቤቴ የሚያውቀውን ይጽፍበታል፣ ሌላው ያርመዋል፣ ያልተስማሙት ከገጹ ሥር ይከራከራሉ። ሁለቱ ጓደኛሞች በሰው ፊት ወንድማማቾች ነበሩ። ማኅደሩ ላይ የሕዝብ እምነት የተነሳ እንደሆነ ግን አይጣል ነው። ምንተስኖት እምነት አይሰረዝም፣ እውነት ነው ተብሎም አይጸድቅም ባይ ነበር፤ ማን እንዳለው ይጻፍ፣ ማስረጃ ካለው ይጠቀስ፣ ከሌለው የለውም ይባል። አብርሃም ደግሞ የአባቶች ዕውቀት በተጻፈ ቁጥር «ማስረጃ የለውም» የሚል ጅራት ሲቀጠልበት ደሙ ይፈላል።

«የውጭ አገር ሰው ቢለው ኖሮ ማስረጃ የሚጠይቅ አልነበረም» አላት ለኢንስፔክተሯ፤ ከሐዘኑም መሀል ክርክሩ አልለቀቀውም። «አቶ ፈንታን እኔ ራሴ ቀየት ሄጄ ነው ያናገርኳቸው። ድምፃቸውን ቀድቻለሁ። ስንት ለምኛቸው ነው የነገሩኝ።»

ገጹን ከፍቶ አሳያት። በመንዝ ደጋ አስምን የጅብራ ወተት እንደሚፈውስ ይናገራል፤ በማር ተፈልቶ እንደሚጠጣም ይጨምራል። ምንጩ አቶ ፈንታ ናቸው። ጅብራ ያው የደጋው ሣር ሜዳ፣ ጓሳው ውስጥ እንደ ምሰሶ ቆሞ የሚታየው ረጅሙ ተክል ነው፤ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይወጣዋል። ኢንስፔክተሯ ጽሑፉን ደጋግማ አነበበችው።

«ምንተስኖት ጻፈው የተባለው፣ ማስረጃ የለውም የሚለው ማስጠንቀቂያ የታለ?»

አብርሃም ገጹን ዘጋው። የጋራ ሥራ እንዲህ ነው፣ አንዱ ያስገባል ሌላው ያወጣል አላት። አላስጨነቀችውም። ማኅደሩ ማን መቼ ምን እንደለወጠ ለማንም ያሳያል፤ ግቢው ውስጥ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በስልኳ አየችውና ያየችውን ለራሷ ያዘች።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ጥሩሸዋን አገኘቻት። ባና ተከናንባ ግድግዳውን ተደግፋለች፤ የያዘችው ምግብ ቀዝቅዟል፣ አባቷ አልበላም ብለዋታል። ሴትዮዋ ሙግቱ ሁሉ አልቆባታል። አባቴ ሰው አልገደለም እያልኩ ማልቀስ ታከተኝ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ከወሰዳችሁት እዚያው ይሞትብኛል አለች። ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀቻት።

«አባትሽ ጅብራ ቆርጠው ቤት አስገብተው ያውቃሉ?»

«ጅብራ? ከብት እንኳ አፉን የማያሳርፍበትን? አጥራችንን አያስደርሰውም።»

«ታዲያ የአስሙ መድኃኒት ከምንድን ነው?»

«እኔ በምን አውቄ? እናቴም ሳታውቅ ነው የሞተች። ስትጨቀጭቀው ባፉ የመጣለትን ይጠራላታል፤ አንድ ቀን ኮሶ ነው ይላል፣ አንድ ቀን እሬት። እንዲያው ያስቃት ነበር።»

ኢንስፔክተሯም ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ። ገብታ ሽማግሌውን አየቻቸው። በርኖሳቸውን ጠቅልለው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ለአብርሃም ጅብራ ብለው ነግረውታል ወይ ስትላቸው አንገታቸውን ደፉ። በዚያን ማለዳ መምህሩ ጋ ለምን ሄዱ ስትላቸው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ እኔን ተዪኝ። የሰው ነፍስ ጠፍቷል። ከእንግዲህ ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ?»

ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ፈንታን የማይረግም አልነበረም። ኢንስፔክተሯ ጥግ ይዛ አዳመጠች። የሟቹ ሚስት እሌኒ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሽማግሌውን ስም ያልጠራች እሷ ብቻ ናት። አንዲት ዘመድ «እጁን ይቁረጠው በይ እንጂ» ብላ ብትወተውታት ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች። ያኔ ነው ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ያየችው። ሁለቱም ቀልተዋል፤ ቀኙ ግን አብጦ ሊከደን ደርሷል፣ ቆቡም ተልጧል።

ለብቻቸው ጓዳ ሲገቡ እሌኒ የተጠየቀችውን ሁሉ መለሰች። አብሹን ዘወትር ጠዋት የምታፈላለት እሷ ናት፤ ደረቱን ያለሰልስለታል ብላ። በዚያ ሰሞን ኢንሄለር ከመድኃኒት ቤቶች ጠፍቶ፣ ያቺን አንዲቷን እንዳታልቅበት እየቆጠበ ነበር። ደረቱ ሲያፏጭ እየሰማች እንቅልፍ ባይኗ አይዞርም።

«ተኚ ይለኛል» አለች። «እንዴት ብዬ ነው የምተኛው? እተኛና ትንፋሹ ቢቆምስ?»

ኢንስፔክተሯ ቤተሰቦቿ የት እንደሚኖሩ ጠየቀቻት። ጓሳ ጥግ ነው። መቼ ጠየቅሻቸው ስትላት፣ እሱ ከመሞቱ በፊት በነበረው እሁድ ሄዳ እንደነበር ነገረቻት። ኢንስፔክተሯ ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም። ስትወጣ ትከሻዋን ይዛት ቆየች፤ በሥራዋ ላይ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

የምርመራው ውጤት በስልክ ሲነገራት ያሰበችው ሆነ። ሐሰት በሆነ ብላ ጸልያ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፦ አብርሃምን፣ ጥቁር የለበሰችውን እሌኒን፣ ጥሩሸዋን፣ አቶ ፈንታንም ጫኔ ክንዳቸውን ይዞ። ነፋሱ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያንኳኳል። ማንም የማንንም ዓይን አላየም።

«የምናገረው ቀላል አይደለም፤ ታገሡኝ» ብላ ጀመረች። «ምንተስኖት የሞተው በጅብራ ወተት ነው። በፔርሙዙ ውስጥ ነበር።»

ጫኔ ይኸው የፈንታ መድኃኒት ብሎ ሊነሳ ሲል በእጇ አስቀመጠችው። ወተቱ ከላይ ጠብ የተደረገ ቢሆን ኖሮ ላዩ ላይ ይንሳፈፍ ነበር አለችው። እሱ ግን ከማሩና ከአብሹ ጋር ተፈልቶ፣ ሲበርድ ከሥር ረግቷል። እንግዲህ የተጨመረው አብሹ በተፈላበት ቦታ ነው። አቶ ፈንታ እዚህ ክፍል ውስጥ ከመምህሩ ጋር ቢጨቃጨቁ፣ ፔርሙዙን ቢያቅፉትም እንኳ፣ ሊያፈሉበት አይችሉም።

«ግን መድኃኒቱ የሳቸው ነው» አለ ጫኔ። «ተጽፏል እኮ።»

«መጻፉን ተጽፏል። መድኃኒት አዋቂ የመድኃኒቱን ስም በአደባባይ እንደማይጠራ አንተም የመንዝ ልጅ ነህ፣ ታውቃለህ። ከተጠራ ይረክሳል፣ ኃይሉ ይሄዳል ይላሉ። አጥብቆ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ የሌላ ተክል ስም ይሰጡታል። ጎረቤት ነገሩን ስለሚያውቅ ስቆ ያልፈዋል። ሚስታቸውም ስቃ ነው ያለፈችው። ድምፅ መቅጃ ይዞ የመጣ ሰው ግን አምኖ ጻፈው።»

አብርሃም ከወንበሩ ላይ ተነሳ፣ መልሶም ተቀመጠ። ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞሩ። አቶ ፈንታ መሬት መሬቱን እያዩ ተናገሩ።

«ጅብራ ያልኩት ማንም ስለማይነካው ነው። የማይነካውን ብጠራ ማንን እጎዳለሁ ብዬ።»

ከዚያ ወዲያ ቃሉ ወጣላቸው። መምህሩ ከመሞቱ አንድ ገበያ ቀደም ብሎ አንድ ሰው አስቁሟቸው፣ የጅብራው ወተት ስንት ማንኪያ ነው ብሎ ጠይቋቸዋል። የሚናገረው ግራ ገባቸው። ከየት ሰማህ ቢሉት ከስልኩ አነበበላቸው። የሚቀጥለው ገበያ ሲደርስ ማለዳ መምህሩ ጋ ገሠገሡ፤ አንሳው፣ ፋቀው ብለው ጮኹበት። ዋሽቼ ነው ማለት ግን አቃታቸው። መምህሩም የተባለ ነገር አይፋቅም፣ ማስጠንቀቂያ አለበት፣ ማንም አይጠጣውም፣ አይዞዎት ብሎ ሸኛቸው። ከሰዓታት በኋላ ሞተ ሲባሉ ቃላቸው እንደገደለው ገባቸው፤ እንዴት እንደደረሰበት ግን አላወቁም።

«ማስጠንቀቂያው ግን አልነበረበትም» አለች ኢንስፔክተሯ።

አብርሃም ማልቀስ ጀምሮ ነበር። እሷም ጨክና አልተናገረችውም። ዓርብ ማታ አብርሃም ማስጠንቀቂያውን አወጣው፤ «ይባላል» የሚለውንም «ይፈውሳል» አደረገው። ቅዳሜና እሁድ መብራትም ኔትወርክም ስላልነበረ ምንተስኖት አላየውም። አቶ ፈንታን ከሸኘ በኋላ ገጹን ሲከፍት ማስጠንቀቂያው የለም። አብሹን እየጠጣ እንደገና መጻፍ ጀመረ፤ ማንም ሰው እንዳይጠጣው ሊል ነበር። አልጨረሰውም።

«ለአባቶች ክብር ብዬ ነው» አለ አብርሃም። «ምንቴን ልጎዳ ብዬ አይደለም። በእናንተ ሞት አይደለም።»

ኢንስፔክተሯ የቀረውን የተናገረችው መስኮቱን እያየች ነው። ዓርብ ማታና እሁድ መካከል ገጹን ያነበበ ሰው አለ። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ስልኩ ላይ ያነበበ፣ ያነበበውንም ያመነ። እሁድ ጅብራ ወደሚበቅልበት ጓሳ የሄደ። እንደ መድኃኒት አዋቂ ባልለመደ እጅ ቆርጦ፣ ወተቱ በነካው ጣት አንድ ዓይኑን ያሸ። እኛም ጊሼ ልጆች ሆነን ወተቱን ከነካችሁ ዓይናችሁን እንዳትነኩ ይሉን ነበር አለች። ለቅሶ ሁለቱንም ዓይን እኩል ያቀላል፤ አንዱን ብቻ አይልጥም።

«ስሙን እኔ አልጠራም» አለች። «እኔ ብጠራው ደስ አይለኝም።»

እሌኒ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አነሳች።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ያጠጣሁት።»

ጥሩሸዋ አፏን በእጇ ያዘች። እሌኒ ለማንም ሳይሆን ለራሷ እንደምታወራ ቀስ ብላ ቀጠለች። ለምንተስኖት አልነገረችውም፤ የመድኃኒት ስም ለበሽተኛው ከተነገረ አይሠራም ሲባል ሰምታ ነው ያደገች። ደግሞም ብትነግረው እሺ እንደማይላት ታውቃለች። ጠዋት ሲወጣ ፔርሙዙን ቦርሳው ውስጥ የከተተችለት እሷ ናት። ዛሬ አብሹን ሳታስተርፍ ጨርሰህ ና ብላዋለች።

«ፈንታን አምኜ አልነበረም» አለች። «አብርሃምንም አይደለም። ምንቴ የሚያበጥረው ነው፣ ሳያጣራ ምንም አያስገባም ብዬ ነው። እሱን አምኜ ነው ያጠጣሁት። ሲሞት ልቤ ነግሮኝ ነበር። እሺ አልለውም ብዬ፣ ሰው አባባን ሲረግም ዝም አልኩ።»

ጫኔ ቆቡን አውልቆ በእጁ ያሽከረክረው ጀመር። ኢንስፔክተሯ አቶ ፈንታ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ነፃ መሆናቸውን፣ እሌኒ ግን ጣቢያ ሄዳ ቃሏን መስጠት እንዳለባት ነገረቻቸው። ሳያውቁ ያደረጉት ነገር ምን እንደሚባል ዳኛው ያያል፤ እኔም ያየሁትን ሁሉ እመሰክራለሁ አለቻት።

ጥሩሸዋ አባቷን ልትወስድ ተነሳች። ሽማግሌው ግን አብርሃም ጋ ሄደው ቆሙ።

«ያንን ነገር ክፈተው» አሉት ኮምፒዩተሩን እያሳዩት።

ከፈተው።

«ፈንታ ዋሽቷል ብለህ ጻፍ። ጅብራ መድኃኒት አይደለም፣ ይገድላል በል።»

«አባባ፣ ስምዎ ይጠፋል እኮ። አገር ሁሉ ነው የሚያነበው።»

«ያንብበው። ማን አለ ካሉህ ራሱ ፈንታ ነው በላቸው። እውነተኛውን ንገሩኝ እንዳትለኝ፤ እኔ ከእንግዲህ ሥር አልምስም።»

አብርሃም እንባውን በክንዱ እየጠረገ ጻፈው። ማንበብ ስለማይችሉ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ ሽማግሌውም አንድ ቃል ሳይቀር አዳምጠው፣ ልክ ነው፣ እንዲሁ ይቀመጥ አሉ። ስድሳ ዘመን ሙሉ የተከበሩበት ሙያ እዚያች ክፍል ውስጥ አለቀ። ጥሩሸዋ አባቷን እያየች ታለቅስ ነበር፤ አልከለከለቻቸውም።

እሌኒ ልትነሳ የጠረጴዛውን ጫፍ ያዘች። ዘመዶቿ ሁሉ ደጅ ነበሩ፤ የተናገረችውን ግን በበሩ ሰምተው ኖሮ ማንም ወደ ውስጥ አልገባም። ብድግ አድርጋ የደገፈቻት ጥሩሸዋ ናት። ባናዋን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት፣ ክንዷንም ይዛ አወጣቻት። ጫኔ አቶ ፈንታን እርስዎ ወደ ቤትዎ ይሂዱ፣ መኪና እፈልግልዎታለሁ ቢላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ብቻዋን አትገባም» አሉ።

ዱላቸውን እየመረኮዙ ከኋላቸው ተከተሉ። ጣቢያው ሲደርሱ በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጡ። ኢንስፔክተሯ የእሌኒን ቃል ተቀብላ እስክትጨርስ ድረስ ከዚያ አልተነሱም።